አጎኒስት ወይስ አንታጎኒስት? መድኃኒት ምን እንደሚሠራ በአንድ ወረቀት እንዴት መለየት ይቻላል

ሀዋሳ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ማታ ማታ ደግሞ የነርሲንግና የፋርማሲ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ተማሪዎቼ በየዓመቱ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። እኔም እዚያው ቦታ ላይ ነው የወደቅኩት፣ ያውም ሁለት ጊዜ። አንዱን በፈተና፣ ሌላውን በገዛ ሳንባዬ።

ጥያቄው ሲታይ ቀላል ነው። ሴሎቻችን ላይ ሪሴፕተር የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ከሰውነት የሚላክ መልእክት የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። አጎኒስት የሚባለው መድኃኒት እዚያ ላይ ተቀምጦ ሪሴፕተሩን ያሠራዋል። አንታጎኒስቱ ደግሞ ተቀምጦ ዝም ይላል፣ ሌላውም እንዳይቀመጥ ቦታ ይይዛል። ይህን ሁሉም ይሸመድዳል። "ታዲያ ይሄ መድኃኒት ልብን ያፈጥናል ወይስ ያዘገያል?" ሲባል ነው ጉዱ የሚፈላው።

አስቀድሜ ልናገር፤ ይሄ ለመረዳት እንጂ ራስን ለማከም አይደለም። ለምን እንደምል ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና በመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣዋ መግለጫ ናት። ያቺን መግለጫ ሰው ሁሉ ይጥላታል። እኔ ግን ከየትኛውም የስልክ አፕ አስበልጣታለሁ። በቴሌግራም የሚዞሩትን ባለ ቀለም ሰንጠረዦች ተዉአቸው። ስህተታቸውን ለማግኘት ቀድሞ ትክክለኛውን ማወቅ ይጠይቃል።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛ ስሙን ጻፉ

የንግድ ስሙን አይደለም። ፕላሲል ሳይሆን ሜቶክሎፕራማይድ፣ ቬንቶሊን ሳይሆን ሳልቡታሞል ብላችሁ ጻፉ። በስም መጨረሻ መገመት ትንሽ መንገድ ያስኬዳል። ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል አድሬናሊን የሚያርፍበትን ቤታ ሪሴፕተር ይዘጋሉ። ሎሳርታንና ሌሎቹ "ሳርታኖች" የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገው አንጂዮቴንሲን የሚያርፍበትን ሪሴፕተር ይዘጋሉ። ግን ሳልቡታሞልም በ"ኦል" ነው የሚያልቀው፣ ሥራው ደግሞ የፕሮፕራኖሎል ተቃራኒ ነው። ፓራሲታሞልማ ጭራሽ የሌላ ቤት ልጅ ነው።

ደረጃ 2፦ ጉዳዩ የሪሴፕተር መሆኑን አረጋግጡ

ብዙ መድኃኒት ከሪሴፕተር ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ኦሜፕራዞል ጨጓራ ውስጥ አሲድ የሚያመነጨውን ፓምፕ ያቆማል። አሞክሲሲሊን ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይሠራ ነው የሚከለክለው። ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲንን የሚሠራውን ኢንዛይም ይዘጋል። ሎሳርታን ከኢናላፕሪል ጋር አንድ መስመር ላይ ነው የሚሠራው፣ የሚቆመው ግን ሪሴፕተሩ በር ላይ ነው። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል የሚያመጣባቸውን ሰዎች ሐኪም ወደ ሎሳርታን የሚያዞራቸው ለዚህ ነው።

ጫት የሚያነሳ ተማሪ አይጠፋም። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በዋናነት ሪሴፕተር ላይ አይቀመጥም። ነርቮች ያከማቹትን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ገፍቶ ያስወጣል፣ ሪሴፕተሩ ላይ የሚያርፉት እነሱ ናቸው። በተዘዋዋሪ የሚሠራ ማለት ይሄ ነው።

ደረጃ 3፦ የሰውነትን መልእክተኛ ጻፉ (እዚህ ጋ ቀስ በሉ)

ሁሉም የሚዘለው ይሄንን ደረጃ ነው። እኔም ዘልዬዋለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ "አትሮፒን የልብ ምትን ምን ያደርገዋል?" የሚል ጥያቄ መጣ። ሳልጨነቅ ጻፍኩ፦ አትሮፒን አንታጎኒስት ነው፣ አንታጎኒስት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ልብ ይዘገያል። ወረቀቱ ሲመለስ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ብቻ ጽፈውበታል፦ "ማንን ነው የሚቀንሰው?"

ነገሩ ያለው እዚያች መስመር ላይ ነው። አንታጎኒስት ልብን አይቀንስም፣ ሳንባንም አይቀንስም። የሚያስቆመው መልእክተኛውን ነው። መልእክተኛው ልብን ሲያዘገይ የነበረ ከሆነ፣ እሱ ሲከለከል ልብ ይፈጥናል። አጎኒስትም እንደዚሁ ነው። "ያነቃቃል" ብሎ መሸምደድ ገደል ይከታል፤ ሳልቡታሞል አጎኒስት ሆኖ የአየር ቧንቧን ጡንቻ ዘና ያደርጋል።

ስለዚህ የመድኃኒቱን ሥራ ከመገመታችሁ በፊት፣ መልእክተኛው በየአካል ክፍሉ ምን እንደሚያደርግ ጻፉ። እኔ ወረቀቱን ለሁለት እከፍለዋለሁ። በግራ አሴቲልኮሊን፦ ልብን ያዘገያል፣ የአየር ቧንቧን ያጠባል፣ ምራቅና አክታ ያበዛል፣ አንጀትን ያንቀሳቅሳል፣ የዓይን ብሌንን ያጠባል። በቀኝ አድሬናሊን፦ በቤታ 1 ሪሴፕተር ልብን ያፈጥናል፣ በቤታ 2 የአየር ቧንቧን ያሰፋል፣ በአልፋ 1 የቆዳን ደም ስር ያጠባል። ያው አንድ አድሬናሊን አንዱን ቦታ ያሰፋል፣ ሌላውን ያጠባል። የሚለየው የሚቀበለው ሪሴፕተር ነው።

አሁን አትሮፒንን አምጡና የግራውን ዝርዝር በሙሉ ገልብጡት። ልብ ይፈጥናል፣ አፍ ይደርቃል፣ አንጀት ይሰንፋል፣ ብሌን ይሰፋል። ምንም መሸምደድ አላስፈለገም። ቡስኮፓን የሚባለው የሆድ ቁርጠት መድኃኒትም በዚሁ ዝርዝር ይሄዳል። የወሰደ ሰው "አፌ ደረቀ" ቢላችሁ አትደነቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። መልእክተኛ ከሌለ አንታጎኒስት የሚከለክለው የለውም። የሞርፊን አንታጎኒስት የሆነው ናሎክሶን፣ የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት ላልወሰደ ሰው ቢሰጥ እምብዛም ለውጥ አይታይም። ፕሮፕራኖሎልም ቁጭ ያለን ሰው ልብ ትንሽ ነው የሚያዘገየው። ሲሮጥ ወይም ሲፈራ፣ አድሬናሊኑ ሲጎርፍ ነው ጉልበቱ የሚታየው።

ደረጃ 4 እና 5፦ ማን ወንበር እንደያዘ ቁጠሩ

መጽሐፉ ቁልፍና ጓጉንቸር ይላል። እኔ አልወደውም። ቁልፍ ከገባ ገባ ነው፤ ሪሴፕተር ላይ ግን መድኃኒቱ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይቀመጣል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው እዚህ ሀዋሳ ከፒያሳ ወደ አቶቴ ስለሚጭን ባጃጅ ነው።

አጎኒስት ገብቶ ተቀምጦ "ንዳው!" የሚል ተሳፋሪ ነው። አንታጎኒስት ገብቶ ተቀምጦ ከሹፌሩ ጋር ወሬ የያዘ ሰው ነው። አይሄድም፣ ቦታም አይለቅም። አንዳንዴ ግን ይወርዳል። በሩ ላይ የሚጠብቀው ተሳፋሪ ብዙ ከሆነ፣ በወረደባት ቅጽበት አንዱ ዘሎ ይገባል። ተሳፋሪው ጥቂት፣ ወሬኞቹ ብዙ ከሆኑ ባጃጁ እዚያው ይቆማል። ውድድር የሚባለው ይሄ ነው፤ የሚወስነው ብዛትና የመቀመጥ ፍቅር ነው። ተነስቶ የማያውቅ ወሬኛም አለ። ፌኖክሲቤንዛሚን ሪሴፕተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ያኔ የተሳፋሪ ብዛት አያድንም።

በወረቀት ስታሳዩት፣ በአግድሙ የአጎኒስቱን መጠን፣ በቁሙ ውጤቱን አድርጉና ወደ ላይ የሚወጣ ኩርባ ሳሉ። የሚወዳደር አንታጎኒስት ሲጨመር ኩርባው ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ጫፉ ግን አይወርድም። የሚጣበቀው ሲጨመር ጫፉ ራሱ ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ አትቆዩ።

እኔ የምቆየው በራሴ ታሪክ ላይ ነው። አራተኛ ዓመት ላይ የቃል ፈተና ነበረን። እጄ ይንቀጠቀጣል። የዶርም ጓደኛዬ "ይቺን ዋጥ፣ ቀጥ ያደርግሃል" ብሎ አንዲት 40 ሚሊግራም ፕሮፕራኖሎል ሰጠኝ። ዋጥኳት። ልጅ እያለሁ አስም ነበረብኝ። ለዓመታት ስላልተነሳብኝ የዳንኩ መስሎኝ ነበር።

ከዋጥኳት አንድ ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ኮሪደሩ ላይ ተራ እየጠበቅኩ ደረቴ መጥበብ ጀመረ። እጄ በእርግጥም መንቀጥቀጡን ትቷል። ትንፋሼ ግን ያፏጫል። ከአንዲት ልጅ ሳልቡታሞል ፓፍ ተቀብዬ ሁለቴ ነፋሁ። ምንም። አራት። ስድስት። ምንም ማለት ይቻላል። በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘኝ ሐኪም "ምን ወሰድክ?" አለኝ። በማፈሬ "ምንም" አልኩ። ሁለተኛ ሲጠይቀኝ ነው የተናዘዝኩት። ወዲያው ኦክስጅን አስገጠመልኝና ኔቡላይዘሩ ውስጥ ኢፕራትሮፒየም ጨመረ። ቆይቶ ደረቴ ሲላቀቅ፣ በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ሁለት ክብ ስሎ አሳየኝ። በአንደኛው ክብ ቤታ 2 አለ፤ ፕሮፕራኖሎሉ ስለተቀመጠበት የእኔ ሳልቡታሞል መግቢያ አጥቶ በር ላይ ቆሟል። በሁለተኛው ክብ የአሴቲልኮሊን ሪሴፕተር አለ፤ ቧንቧዬን ሲያጠብ የነበረው በዚያ በኩል የሚመጣው መልእክት ነው። ኢፕራትሮፒየም ያንን ዘጋው።

ልብ በሉ፣ ኢፕራትሮፒየም አንታጎኒስት ነው። ሳልቡታሞል አጎኒስት ነው። ሁለቱም የአየር ቧንቧን ይከፍታሉ፣ በሁለት የተለያየ በር። ደረጃ 3ን የዘለለ ሰው ይሄንን መቼም አይገባውም።

"ታዲያ ሳልቡታሞሉን አብዝተነው ቢያሸንፍስ?" የሚል ብልጥ ተማሪ ሁልጊዜ አለ። በወረቀት ላይ ልክ ነው። ኮሪደር ላይ ትንፋሹ እያጠረ ያለ ሰው ግን ኩርባ የሚያሳድድበት ጊዜ የለውም። ብዛት በእርግጥ የሚሠራበትን ቦታ ማየት ከፈለጋችሁ የፀረ ተባይ መመረዝን ተመልከቱ። ማላታይን የመሰሉት መርዞች አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያቆሙታል፣ አሴቲልኮሊኑ ይጎርፋል። ታማሚው ምራቁ ይዝረከረካል፣ ብሌኑ እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፣ ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል። ሐኪሞች ለአዋቂ ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም አትሮፒን ሰጥተው፣ ደረቱ ካልጠራ በየ5 ደቂቃው መጠኑን እጥፍ እያደረጉ ይጨምራሉ። በሌላ ቀን ያ መጠን ራሱ ያስፈራል። እዚህ ግን ወንበር የሚሻማው ብዙ ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ አስተሳሰብ የቆየ ነው። ላንግሊ የሚባል የካምብሪጅ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1905 ኒኮቲን ጡንቻን ሲያኮማትር፣ ኩራሬ የሚባለው የቀስት መርዝ ደግሞ ያንን ሲከለክል አይቶ፣ ሁለቱም የሚያርፉበት "ተቀባይ ነገር" ሴሉ ላይ አለ አለ። እኔን ሐኪም ቤት ያስገባችኝን ፕሮፕራኖሎልን የሠራው ጄምስ ብላክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ኖቤል ተሸልሟል። አልተቀየምኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ደረጃ 6፦ ግማሽ ልብ ያለውንና ሰዓቱን አትርሱ

ተቀምጦ "ንዳው፣ ግን ቀስ" የሚል ተሳፋሪም አለ። ከፊል አጎኒስት ይባላል። ቡፕረኖርፊን እንደዚህ ነው። ብቻውን ሲሆን እንደ ሞርፊን ዓይነት ይሠራል፣ ጣሪያ ግን አለው። ሞርፊን የለመደና አሁንም ሞርፊን በሰውነቱ ያለ ሰው ላይ ሲመጣ ደግሞ ሙሉውን ተሳፋሪ አስነስቶ እሱ ስለሚቀመጥ፣ ሰውየው የሱስ ማቋረጥ ስሜት ውስጥ ይገባል። አንዱ ሞለኪውል እንደ ሁኔታው አጋዥም ከልካይም ይሆናል።

ሰዓትም ጻፉ። ናሎክሶን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይሠራል። ያደነዘዘው መድኃኒት ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ፣ የነቃው ታማሚ ተመልሶ ሊደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ ነቃ ተብሎ ቶሎ ወደ ቤት አይሸኝም።

መለማመጃ፦ ቡና

አሁን ወረቀቱን በራሳችሁ ሞክሩት። ስም፦ ካፌይን። ሪሴፕተር አለው? አዎ፣ የአዴኖሲን። አዴኖሲን ምን ያደርጋል? ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ካፌይን እዚያ ላይ ተቀምጦ ምን ይላል? ምንም፤ ወሬኛው ተሳፋሪ ነው። ስለዚህ ቡና ጉልበት አይጨምርም፣ ድካሙን የሚናገረውን አፍ ይይዛል እንጂ። በየቀኑ ሲጠጡት ሰውነት ተጨማሪ ወንበር ያዘጋጃል። አንድ ቀን ቡናው ሲቀር አዴኖሲኑ ሁሉም ላይ ይቀመጥና "ቡና ሳልጠጣ ራሴን ፈለጠኝ" ይመጣል።

ሰዓቱንም አስሉ። ካፌይን በአዋቂ ሰው በአማካይ በ5 ሰዓት ግማሽ ይሆናል። ከቀኑ 10 ሰዓት አቦል የጠጣ ሰው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የአቦሉ ግማሽ ገና ወንበር ላይ ነው።

ይሄንን ባለፈው እሁድ የሲዳማ ቡናዋን ለምታፈላው እናቴ በወረቀት አስረዳኋት። ክቡን፣ ባጃጁን፣ ወሬኛውን ሁሉ ስዬ። አየችው፣ አየችው። "ታዲያ ሰውየው ወሬ ከያዘ በረካ ሳይጠጣ ይነሳል እንዴ?" ብላ ሲኒዬን ሞላችው።