ለሥራ ሲጓዙ ዲስክ ጎልፍ ለመጫወት ሦስት ዲስኮች ይበቃሉ

ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ የሚጓዙ ከሆነ ዲስክ ጎልፍ (ዲስክ ወርውሮ ቅርጫት ውስጥ የማስገባት ጨዋታ) ለመጫወት ሙሉ የዲስክ ቦርሳዎን መሸከም አያስፈልግዎትም፤ ለቅርብ ውርወራ አንድ ፓተር፣ ለመካከለኛ ርቀት አንድ ሚድሬንጅ እና ለሩቅ ውርወራ እጅዎ በደንብ የለመደው አንድ ድራይቨር ይበቃሉ። የአንዱ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 180 ግራም ስለሆነ፣ ሦስቱ ተደራርበው በታጠፉ ሸሚዞች መካከል ሲቀመጡ ሻንጣውን አያጨናንቁም፤ ጠርዛቸው እንዳይጣመም ግን ከባድ ጫማ አይጫኑባቸው። ከመነሳትዎ በፊት በዩዲስክ መተግበሪያ ከማረፊያዎ አቅራቢያ ያለውን ሜዳ ይፈልጉ። ባለ 9 ቅርጫት ሜዳ በማለዳ፣ ስብሰባ ሳይጀመር ተጫውቶ ለመጨረስ ስለሚመች እኔ ከባለ 18ቱ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ።

አጥብቄ የማሳስበው ስለ ቦታው ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል እጅግ ከፍ ባለ ስፍራ አየሩ ስስ ስለሆነ ዲስኩ ከለመዱት ቀድሞ መታጠፍ ይጀምራል፤ በቀኝ እጅዎ በባክሃንድ (ክንድዎን በደረትዎ ፊት አሻግረው) የሚወረውሩ ከሆነ ወደ ግራ ፈጥኖ ሲወርድ ያዩታል። ስለዚህ ጨዋታውን ከመጀመርዎ በፊት ሰው በሌለበት ገላጣ ቦታ እያንዳንዱን ዲስክ ሁለት ሁለት ጊዜ ወርውረው አካሄዱን ይመልከቱ። በእያንዳንዱ ዲስክ የውስጥ ገጽ ላይም ስምዎንና ስልክ ቁጥርዎን በማይለቅ ቀለም ይጻፉ፤ በማግስቱ ከተማውን ለቀው ቢሄዱ እንኳ ያገኘው ሰው ሊደውልልዎት ይችላል።