አስም በጎልማሳነት ሲመጣ፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ እንዴት እንደሚያዝ

አስም የልጅ በሽታ ብቻ አይደለም፤ በአርባም በሃምሳም ዓመት ይጀምራል። ደረቱን ነክቶት የማያውቅ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየሳለ፣ ደረቱም ሲር ሲር እያለ መንቃት ሲጀምር መጀመሪያ «ብርድ ነው»፣ ቀጥሎ «ሳይነስ ነው» ይባላል። ምርመራው አስም መሆኑን ካሳየ በኋላ ደግሞ ሌላ ስህተት ይከተላል፦ ሰማያዊዋን ፓፍ (ሳልቡታሞል የሚባለውን፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ኪስ ውስጥ ከትቶ፣ ሲያፍን ብቻ እየነፉ መኖር። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

የአስም ሕመምተኛ የአየር ቧንቧ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው ውስጡ ተቆጥቶ ማበጡ ነው፤ ይህ ምንም በማይሰማዎት ቀንም ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው ጭስ፣ አቧራ፣ ጉንፋን ወይም ቀዝቃዛ አየር ሲነካው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ተኮማትሮ መተላለፊያውን ማጥበቡ ነው። ብዙ ሰው ቬንቶሊን የሚለው ሳልቡታሞል ጡንቻውን በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓትም ይቆያል፤ እብጠቱን ግን አይነካም። እብጠቱን የሚያወርደው እንደ ቤክሎሜታሶን ወይም ቡዴሶናይድ ያለ የስቴሮይድ ፓፍ ነው። ቀለሙ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ስሙን ያንብቡ።

የስቴሮይዱ ፓፍ ውጤቱ እስኪታወቅ ቀናት፣ ሙሉ ጥቅሙን እስኪሰጥ ሳምንታት ይፈጃል። አንዳንዱ በሦስተኛው ቀን «ምንም አላደረገልኝም» ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው በሁለተኛው ወር «ድኛለሁ» ብሎ ያቆመዋል። ሁለቱም ተመልሰው ድንገተኛ ክፍል ይገናኛሉ። ጊና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂ ሳልቡታሞልን ብቻውን መስጠት አይመክርም። ሰማያዊዋ ብቻ ከተጻፈልዎ «የሚከላከለውስ?» ብለው ይጠይቁ።

«ፓፍ ሱስ ያስይዛል፣ ኪኒን ይሻላል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። አንድ የሳልቡታሞል ኪኒን ብዙውን ጊዜ 4 ሚሊግራም ነው። ሁለት ጊዜ የተነፋ ፓፍ ደግሞ 200 ማይክሮግራም፣ ማለትም የኪኒኑ አንድ ሃያኛ ነው። ፓፉ በቀጥታ ቧንቧው ላይ ስለሚያርፍ ጥቂቱ ይበቃዋል። ኪኒኑ ግን በደም በኩል መላ ሰውነትን ዞሮ ስለሚደርስ ይዘገያል፤ እጅ የሚያንቀጠቅጠውና ልብ የሚያስመታውም መጠኑ ነው።

ፓፉን በትክክል መንፋት

መድኃኒቱ «አልሠራም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች ዋነኛው አነፋፉ ነው። ክዳኑን ይክፈቱ፤ ውስጡ ሳንቲም ወይም ቆሻሻ አለመግባቱን ይዩ። በደንብ ይነቅንቁት። ትንፋሽዎን ቀስ ብለው ያውጡ። አፍዎን በአፉ ላይ ይግጠሙ፤ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ መሳብ እንደጀመሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ፣ መሳቡንም ደረትዎ እስኪሞላ ይቀጥሉ። ከዚያ እስከ 10 እየቆጠሩ ትንፋሽዎን ይያዙ። ሁለተኛ ከታዘዘልዎ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ቆይተው፣ እንደገና ነቅንቀው ይድገሙ። በኃይል ከሳቡት ወይም ሳይስቡ ከጫኑት መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በዱቄት መልክ የሚሳበው ዓይነት ግን በተቃራኒው በፍጥነትና በኃይል ይሳባል፤ አይነቀነቅም። አዲስ ፓፍ ወይም ለብዙ ቀን ሳይነኩት የቆየ ከሆነ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ አየር ይርጩት።

መጫኑና መሳቡ አልገጥም ካለ (ለብዙ ሰው አይገጥምም) ስፔሰር (በፓፉና በአፍዎ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ) ይጠቀሙ። ፋርማሲ ካጡት በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ይሠራል። ፕላስቲኩን በፈሳሽ ሳሙና ያጥቡና ሳይወለውሉ ያድርቁት፤ በጨርቅ ሲታሽ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ የመድኃኒቱን ብናኝ ግድግዳው ላይ ያስቀረዋል። የፓፉን አፍ ቂጡ ላይ አስቀምጠው በእስክሪብቶ ዙሪያውን ያስምሩ። ከመስመሩ ጥቂት ጠበብ አድርገው በምላጭ ወይም በጋለ ሽቦ ይብሱት፤ በሽቦ ከሆነ ደጅ፣ ሌላ ሰው ይሥራው፣ የፕላስቲኩ ጭስ ራሱ ያስነሳልና። ፓፉ ጥብቅ ብሎ ይግባ፤ ከለቀቀ ዙሪያውን በፕላስተር ይዝጉት። በጠርሙሱ አፍ በኩል ከንፈርዎን ገጥመው አንዴ ይጫኑ፤ ከዚያ ረጋ ብለው 5 ወይም 6 ጊዜ ይተንፍሱ። ሁለት ሦስቱን በአንድ ላይ መጫን ማባከን ነው። በየሳምንቱ አጥበው በራሱ ይድረቅ።

ከስቴሮይዱ ፓፍ በኋላ አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ አለበለዚያ ድምፅ ይጎረናል፣ ምላስም ነጭ ፈንገስ ያወጣል። ስንት እንደቀረ ለማወቅ ቆርቆሮውን ውኃ ላይ ማንሳፈፍ አያስተማምንም። ማሸጊያው ላይ 200 ካለና በቀን ሁለቴ ሁለት ሁለት ከነፉ 50 ቀን ይቆያል፤ የጀመሩበትን ቀን በእስክሪብቶ ላዩ ላይ ይጻፉ።

አብዛኛው ፓፍ ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ይህ ቀላል አይደለም። ፀሐይ ላይ የቆመ ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይተዉት። የቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ ጥላ ያለበት ይበቃል። ፍሪዘር ውስጥ ግን አይግባ፤ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ በሚገባ አይረጭም።

ቤቱና ከተማው

ሁሉም ነገር ሁሉንም ሰው አያስነሳም፤ ስለዚህ ምንጣፍ ከመጣልዎ በፊት ሁለት ሳምንት የት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ሲነካዎ እንደተነሳብዎ ይጻፉ። እዚህ አገር ግን ጭሱን መጠርጠር አይከፋም። ቡና ሲቆላ፣ ከሰል ሲያያዝ፣ እጣንና ኡንሲ ሲጨስ በር ተዘግቶ ከሆነ ደረቱ መቻል ያቅተዋል። ቡናውን መተው አያስፈልግም፦ ከሰሉ ደጅ ተያይዞ አመድ ሲለብስ ይግባ፣ ቁላቱ በረንዳ ላይ ይሁን፣ እጣኑ ይቅር። እንግዳ ሲመጣ «ጭስ ያስነሳብኛል» ማለት ነውር የለውም።

ሐረር ጌጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ውስጥ ለሚኖር፣ ነደባው (የመቀመጫው መደብ) ላይ የተነጠፈው ምንጣፍና ትራስ አቧራ ይይዛል። ሌላ ሰው ደጅ አውጥቶ ያራግፈው፣ ፀሐይም ይምታው። አንሶላ በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ድሬ ላይ ደግሞ ነፋሱ የደቻቱን ወንዝ አሸዋና የመንገዱን አቧራ ሲያነሳ መስኮት ይዝጉ፤ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። በረኪና የሚጠቀሙ ከሆነ በር ይክፈቱ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋርም አይቀላቅሉት።

በርጫን በተመለከተ፣ ከጫቱ ይልቅ የሚብሰው ብዙ ጊዜ ክፍሉ ነው፦ የተዘጋ በር፣ ሲጋራ፣ ሺሻ፣ እጣን። ጫቱም ቢሆን ልብን ያፈጥናል፤ ብዙ ሳልቡታሞል ሲጨመርበት ደግሞ የልብ ምቱ ይባስ ይፈጥናል። የሚያጨስ ሰው የስቴሮይዱ ፓፍ በሚገባ አይሠራለትም።

ከድሬ በደንገጎ ወደ ሐረር ሲወጡ አየሩ በአንዴ ይቀዘቅዛል፤ አፍና አፍንጫዎን በነጠላ ወይም በሻርፕ ይሸፍኑ። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚሄድ ሰው ብርድ፣ አቧራና ግፊያ በአንድ ቀን ይገጥመዋል፤ ሁለቱም ፓፎች በእጅ ይሁኑ እንጂ መኪና ውስጥ በቀረው ሻንጣ ውስጥ አይሁኑ። በረመዳን በቀን ሁለቴ የሚወሰደው ፓፍ ከኢፍጣርና ከሱሁር ጋር ይገጥማል። ፓፍ ጾም ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም በሚለው ላይ ዑለማው ይለያያል፤ ካፈነዎ ግን ሳይጠብቁ ይንፉ።

ሳልዎ በሥራ ቀን ብሶ በዕረፍት ቀን የሚሻል ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የዱቄት ብናኝ፣ ሲሚንቶ፣ ጥጥ፣ የመኪና ቀለም መርጫ፣ የጸጉር ቤት ኬሚካል በጎልማሳነት ለሚጀምር ወይም ለሚብስ አስም የታወቁ ምክንያቶች ናቸው። ፋርማሲ ሲሄዱም አስም እንዳለብዎ አስቀድመው ይናገሩ፦ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አንዳንድ ሰው ላይ ከባድ ሕመም ያስነሳሉ፤ ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልና ለግላኮማ የሚጨመረው የቲሞሎል የዓይን ጠብታም እንዲሁ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ብዙውን ጊዜ ይሻላል።

ሲነሳ

ሰማያዊዋን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ከፈለጉ፣ ወይም ሌሊት ከቀሰቀስዎ፣ አስሙ አልተያዘም ማለት ነው፤ ቀጠሮዎን አይጠብቁ። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ባለ 200 ሳልቡታሞል መጨረስም የአደጋ ምልክት ነው።

ድንገት ከበረታ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ አይተኙ። በስፔሰር ሳልቡታሞል 4 ጊዜ፣ አንድ በአንድ ይንፉ። ካልተሻለ በየ20 ደቂቃው ከ4 እስከ 10 ጊዜ እየነፉ ወደ ጤና ተቋም መንገድ ይጀምሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለዎ፣ ወይም ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ሳይሻልዎ ከጠፋ (የሚገባው አየር በጣም አንሷል ማለት ነው) 20 ደቂቃውን አይጠብቁ። ድሬ ድል ጮራ፣ ሐረር ሕይወት ፋና ድንገተኛ ክፍል አላቸው። ብቻዎን አይሂዱ፤ ፓፎቹን ይዘው ይሂዱ። ሲወጡ የሚሰጠው የፕሬድኒሶሎን ኪኒን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ነው፤ በሁለተኛው ቀን ቢሻልዎም ይጨርሱት፣ በሳምንት ውስጥም ሐኪም ዘንድ ተመልሰው አነፋፍዎን ያሳዩት።