የአባላዘር በሽታ ምርመራ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፤ ቀን ከመቁጠር እስከ ውጤት መቀበል

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ «ተመርምሬያለሁ» የሚል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ኤች አይ ቪን ማለቱ ነው። ጣቱን ተወግቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ፣ «ነጻ ነህ» ተብሎ የወጣ ወጣት ስለ ቂጥኝ፣ ስለ ጨብጥ፣ በባክቴሪያ ስለሚመጣው ክላሚዲያ ወይም ጉበትን ስለሚያጠቃው ቫይረስ ስለ ሄፓታይተስ ቢ ያገኘው መልስ የለም፤ ያ ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ኤች አይ ቪን ብቻ ነውና። ስለ ኤች አይ ቪም ቢሆን የግንኙነቱና የምርመራው ቀን አብረው ካልተቆጠሩ፣ የተሰጠው መልስ የሚናገረው ስላለፉት ወራት እንጂ ስላለፈው ሳምንት አይደለም። በአገራችን ምርመራ በብዙዎች አእምሮ ከሠርግ ጋር የተቆራኘ ነው፤ እጮኛሞች ከጋብቻ በፊት ተመርምረው ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ልማዱ መልካም ቢሆንም፣ ሠርጉ ገና ዓመታት ለሚቀሩት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አይደርስለትም። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው በግቢ ክሊኒክ ወይም በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ዛሬ ሊደረግ ስለሚችለው ነገር ነው።

ቅድሚያ፦ ግንኙነቱ ከተፈጸመ 72 ሰዓት አልሞላም?

ካልሞላ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ለማንበብ አይቆዩ። ኮንዶም ከተቀደደ፣ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከተፈጸመ ወይም የመደፈር ጥቃት ከደረሰ፣ ኤች አይ ቪ በሰውነት ውስጥ ሥር እንዳይሰድ የሚከላከል መድኃኒት አለ። ፔፕ በሚባል አጭር ስም የሚታወቀው ይህ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተጀመረ ደግሞ ከዘገየው ይሻላል። መድኃኒቱ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው የጤና ባለሙያው ስለሆነ፣ የእርስዎ ድርሻ በጊዜ መድረስና የሆነውን ሳይደብቁ መናገር ነው። እርግዝና የሚያሰጋ ከሆነ የድንገተኛ የወሊድ መከላከያ እንክብሉም፣ ብዙዎች ፖስትፒል በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት፣ በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። ሆኖም ይህ እንክብል ከየትኛውም የአባላዘር በሽታ አይከላከልም፤ ፖስትፒል የዋጠች ተማሪ ጉዳዩ እንደተዘጋ ቆጥራ ምርመራውን የምትተውበት አጋጣሚ በጣም ያሳስበኛል።

ጥቃት የደረሰባት ወይም የደረሰበት ተማሪ ከተቻለ ገላን ሳይታጠቡ፣ የለበሱትን ልብስ በወረቀት ከረጢት ይዘው ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባቸዋል። ላስቲክ እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሻል። ታጥበው ከሆነ ግን ይህ ከመሄድ ሊያግዳቸው አይገባም፤ ሕክምናው አሁንም አለ። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ምክርንና የሕግ ድጋፍን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማእከል አለ፤ በሌሎች አንዳንድ ከተሞችም ተመሳሳይ ማእከላት ተከፍተዋል።

ቀኑን መቁጠር

72 ሰዓቱ ካለፈ ወይም ያን ያህል የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ፣ የመጀመሪያው ሥራ የመጨረሻውን ግንኙነት ቀን በወረቀት ላይ መጻፍ ነው። እያንዳንዱ በሽታ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ ድረስ የራሱ የሆነ የዝምታ ጊዜ አለው። በጤና ጣቢያዎች የሚሠራበትና ከጣት በሚወሰድ ደም የሚደረገው ፈጣን የኤች አይ ቪ ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህም እስኪታይ ከ23 እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። ከደም ሥር በተወሰደ ደም የቫይረሱን አካልና ፀረ እንግዳ አካሉን አንድ ላይ የሚፈልገው የላቦራቶሪ ምርመራ ከ18 እስከ 45 ባሉት ቀናት ውስጥ ይደርስበታል። የቂጥኝ ቁስል ባክቴሪያው ከገባ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ፣ በአማካይ በ3ኛው ሳምንት ይወጣል፤ የደም ምርመራው ደግሞ ቁስሉ ከወጣ በኋላም ጥቂት ሳምንታት ሊዘገይ ይችላል። ጨብጥና ክላሚዲያ ግን ግንኙነቱ ከተፈጸመ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው መመርመር ይቻላል።

ይህ ሁሉ በተግባር ምን ማለት ነው? ምልክት ካለዎት ቀን ሳይቆጥሩ ዛሬ ይሂዱ። ምልክት ከሌለዎት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሦስት ወር ሲሞላ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይመርመሩ። በመካከሉ ያለው ጊዜ በመታቀብ ወይም በኮንዶም ካልተጠበቀ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ብዙዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። አንድ ተማሪ በአሥረኛው ቀን ተመርምሮ «ነጻ» መባሉን ይዞ በአሥራ አንደኛው ቀን ኮንዶም ቢተው፣ የያዘው ወረቀት ለእርሱም ሆነ ለፍቅር ጓደኛው መተማመኛ ሊሆን አይችልም።

የት መሄድ ይሻላል

ቅርቡ የግቢው ክሊኒክ ነው፤ በተማሪ መታወቂያ ይስተናገዳሉ። ይሁንና የአንድ ዶርም ልጆች በሚተያዩበት በር ላይ መቆም የሚከብደው ተማሪ ጥቂት አይደለም፣ ይህም እፍረት ሰው ሊወቀስበት የሚገባ ነገር አይደለም። ከግቢ ውጭ ያሉ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የኤች አይ ቪ ምርመራን በነጻ ይሰጣሉ፤ በብዙዎቹም ለወጣቶች ተስማሚ የሆነ አገልግሎት የሚሰጥበት የተለየ ክፍል አለ። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም በተለያዩ ከተሞች ክሊኒኮችና የወጣቶች ማእከላት አሉት። ሴት ተማሪ በሴት ባለሙያ መታየት ከፈለገች ይህን መጠየቅ ትችላለች። ጓደኛ ይዞ መሄድም ይቻላል፤ ወደ ምርመራ ክፍሉ ግን ብቻዎን መግባት እንደሚችሉ አስቀድመው ይነጋገሩ፣ ጓደኛ ባለበት የማይነገር ነገር ይኖራልና።

በቤት ራስን መመርመሪያም አለ። በአፍ ፈሳሽ የሚሠራው የኤች አይ ቪ መመርመሪያ የላይኛውንና የታችኛውን ድድ በማበስ ይከናወናል። ከምርመራው በፊት 15 ደቂቃ ያህል ምንም አይበላም፣ አይጠጣም፤ ውጤቱም ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይነበባል። ከዚያ ዘግይቶ የሚታይ መስመር አይታመንም። ሁለት መስመር ከታየ ቫይረሱ ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል፤ ይህ ግን የመጨረሻ ውጤት ስላልሆነ በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት።

ለባለሙያው ምን ይባላል

በካርድ ክፍል መስኮት ላይ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ የመጡበትን ምክንያት የመዘርዘር ግዴታ የለብዎትም። «ከባለሙያ ጋር በግል መነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን በግልጽ እንዲህ ይበሉ፦ «የአባላዘር በሽታዎች ምርመራ እፈልጋለሁ፤ ከኤች አይ ቪ በተጨማሪ የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም እንዲታዘዝልኝ እጠይቃለሁ።» በሽታዎቹን በስም መጥራት የሚያስፈልገው ካልተጠየቁ ብዙ ጊዜ ስለማይታዘዙ ነው።

ባለሙያው የሚጠይቅዎት የመጨረሻው ግንኙነት መቼ እንደነበረ፣ ኮንዶም መኖር አለመኖሩን፣ ፈሳሽ፣ ቁስል፣ ሲሸኑ የማቃጠል ስሜት ወይም የብሽሽት እብጠት መኖሩን፣ ሴት ከሆኑ የመጨረሻው የወር አበባዎ የታየበትን ቀን፣ እንዲሁም ለፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለብዎት ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ለወግ የሚቀርብ አይደለም፤ ቂጥኝ የሚታከመው በፔኒሲሊን መርፌ ነው። ጥያቄዎቹ የሚቀርቡት ምርመራውንና መድኃኒቱን ለመምረጥ እንጂ ለመፍረድ አይደለም። የሚፈርድ ባለሙያ ከገጠመዎት ሌላ ባለሙያ ወይም ሌላ ተቋም መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ምርመራውን ግን አይተዉት።

ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ በደም ይመረመራሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ተማሪ በሕፃንነቱ ሳይከተብ የመቅረቱ ዕድል ሰፊ ነው፤ ውጤቱ ነጻ ከሆነ በስድስት ወር ውስጥ የሚጠናቀቀውን የሦስት ጊዜ ክትባት የት እንደሚያገኝ ይጠይቅ። ጨብጥና ክላሚዲያ ግን በሽንት ወይም በፈሳሽ ናሙና የሚፈለጉ ሲሆን፣ አስተማማኙ ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አይገኝም። ስለዚህ ባለሙያው በሚታየው ምልክት ላይ ተመሥርቶ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ መድኃኒት ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ በአገራችን የተለመደ የሕክምና አሠራር ስለሆነ «ሳይመረምረኝ አከመኝ» ብለው አይደንግጡ። አሠራሩ የሚደርሰው ምልክት ላለው ሰው ብቻ መሆኑ ግን እውነት ነው። ክላሚዲያ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ሳይታከም ሲቆይ ደግሞ የማኅፀን ቱቦን ጎድቶ ለመካንነትና ከማኅፀን ውጭ ለሚፈጠር እርግዝና ይዳርጋል። የፍቅር ጓደኛዋ ምልክት አሳይቶ የታከመ ተማሪ እርሷ ደህንነት ቢሰማትም መታከም ያለባት ለዚህ ነው።

በራስ መድኃኒት ስለመውሰድ

ጨብጥ ፀሐይ ላይ በመሽናት ወይም በብርድ ይመጣል የሚለው አባባል ዛሬም ከተማሩ ሰዎች አፍ ይሰማል። አባባሉ ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ የሚያስከትለው ይብሳል፤ «ብርድ ነው» ያለ ወጣት ወደ ክሊኒክ አይሄድም፣ ለጓደኛው አይናገርም፣ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ለሦስት ቀን ይውጥና ፈሳሹ ሲቀንስ ያቆማል። የጨብጥ ባክቴሪያ ለብዙ የቆዩ መድኃኒቶች የተለማመደ ስለሆነ ምልክቱ ቢደበቅም በሽታው ይቀራል፤ በወንዶችም ወደ ቆለጥ ተሻግሮ እብጠትና ሕመም ያስከትላል። የቂጥኝ ቁስልማ ምንም ሳይደረግለት በራሱ ይድናል። አያምም፣ በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል፣ ባክቴሪያው ግን በደም ውስጥ ሆኖ ለዓመታት ይቆያል። የጠፋ ቁስል የዳነ በሽታ አለመሆኑን ከዚህ ሁሉ አስበልጬ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ።

ውጤቱን መቀበል

ውጤቱ «ነጻ» ከሆነ ስለ የትኞቹ በሽታዎች እንደሆነና መቼ መደገም እንዳለበት ጠይቀው ይውጡ። ቂጥኝ፣ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ከተገኘ በሽታዎቹ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ፤ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው መውሰድ፣ እርስዎም ጓደኛዎም ታክማችሁ እስክትጨርሱና ባለሙያው የሚነግራችሁ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሰባት ቀን፣ እስኪያልፍ ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል።

ኤች አይ ቪ አለ የሚል ውጤት በአንድ መመርመሪያ ብቻ አይነገርም፤ የመጀመሪያው ቫይረሱ አለ ካለ በሌሎች መመርመሪያዎች ይረጋገጣል። ከተረጋገጠ ሕክምናው በነጻ ይጀመራል፤ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ ያለ ክፍያ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። መድኃኒቱን ከግቢ ርቆ ካለ ተቋም መውሰድም ይቻላል፤ ለክረምት ወደ ቤተሰብ ሲመለሱ እንዳይቋረጥ ዝውውሩን ወይም የሚበቃዎትን መጠን አስቀድመው ያስተካክሉ። ለዶርም ጓደኞች፣ ለመምህር ወይም ለዲን ቢሮ የመናገር ግዴታ የለም።

ለፍቅር ጓደኛ መንገር

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ሆኖም አንዱ ታክሞ ሌላው ካልታከመ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ማን ከማን አመጣው የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ መልስ የለውም፣ ክላሚዲያም ሆነ ቂጥኝ ምልክት ሳያሳይ ለወራት ሊቆይ ይችላልና። ስለዚህ ንግግሩን በወቀሳ ሳይሆን በተግባር ይጀምሩ፦ «ክሊኒክ ሄጄ በሽታ ተገኝቶብኛል፤ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ አንቺም ምልክት ባይኖርሽ እንኳ መታየት አለብሽ፤ ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ።» ፊት ለፊት መናገር ጠብ ወይም ጉዳት ያስከትላል ብለው ከሰጉ ባለሙያው ስምዎን ሳይጠራ ጓደኛዎን የሚጠራበት መንገድ እንዳለ ይጠይቁት።

ከሕክምናው በኋላ ኮንዶም ሲጠቀሙ የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ፣ በጥርስ አይቅደዱት፣ ሙቀት ባለበት የኪስ ቦርሳ ውስጥ ለሳምንታት አያቆዩት፣ ቫዝሊንም አይቀቡበት፤ ቅባት ላስቲኩን ያሳሳዋል። ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ የታከመ ሰው ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ተመልሶ መታየት አለበት፤ ቂጥኝ የታከመም የደም ምርመራው ቁጥር እየቀነሰ መሄዱ በቀጠሮ ይታያል። ያ ቀን ከፈተና ሰሞን ጋር እንዳይጋጭ ከክሊኒኩ ሳይወጡ ቀጠሮውን ይያዙና በስልክዎ ላይ ይመዝግቡት።