ሥነ መለኮት ልትማሪ ነው? ከቅጹ በፊት ደብዳቤውን

በሐዋሳ ከመዘምራን፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ከሴቶች ኅብረት ተነስተሽ ሥነ መለኮት ለመማር ካሰብሽ፣ ቅጽ ከመሙላትሽ በፊት ከአጥቢያሽ ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጪ። እህቶችን ይበልጥ የሚያሰናክለው ትምህርቱ ሳይሆን ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። «ጌታ ይምራሽ» ብቻ ተብላ የሄደች ተማሪ ስትመለስ መደብ የላትም፤ ወይም ዲግሪዋን ይዛ ሻይ ቡና እንድታዘጋጅ ትመደባለች።

ስለዚህ አጥቢያሽ በሚጽፍልሽ የድጋፍ ደብዳቤ ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ በምን ዘርፍ ስንት ዓመት እንዳገለገልሽ፣ ክፍያውን ማን ምን ያህል እንደሚሸፍን፣ እየተማርሽ ከየትኛው አገልግሎት እንደምታርፊ፣ ስትመለሺ የት እንደምትመደቢ። ቃለ ጉባኤም ይያዝበት፤ ሽማግሌዎች ሲቀየሩ የቃል ተስፋ አብሯቸው ይሄዳል። ጥያቄሽ በጀት ከመጽደቁ በፊት ካልደረሰ መልሱ «ለከርሞ» ነው።

ቅስና የምትፈልጊ ከሆነ የቤተ እምነትሽን አቋም አስቀድመሽ ጠይቂ። መካነ ኢየሱስ ሴቶችን ለመቀሰስ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ የተሾመችው በ2000። ዲግሪሽን ተቀብለው ቅስናውን የሚከለክሉ ቤተ እምነቶች አሉ። ማስተማር፣ ምክር ወይም የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ከሆነ ጥሪሽ ግን ያለ ቅስናም ይሠራል፤ ስለዚህ የምትይዢው የትምህርት ዘርፍም ይለያል።

የምትማሪው አዲስ አበባ ከሆነ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ልጆች ካሉሽ በየጊዜው ለጥቂት ቀናት ብቻ ግቢ የሚያስገባ የሞጁል ትምህርት መኖሩን ጠይቂ። በዲግሪው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ልትቀጠሪ ካሰብሽ ደግሞ ማን ዕውቅና እንደሚሰጠው ሳታረጋግጪ አትክፈዪ።

የሚፈራው አዲስ ኪዳን የተጻፈበት ግሪክኛ ነው። በአዲስ ኪዳን 50 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚገኙት ቃላት 310 ገደማ ብቻ ሲሆኑ የጽሑፉን 80 ከመቶ ያህል ይሸፍናሉ። በቀን 5 ቃል ብትይዢ በሁለት ወር ግድም ያልቃሉ። 24ቱን ፊደላት ክፍል ከመግባትሽ በፊት በእጅሽ እየጻፍሽ ጨርሺያቸው፤ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ፊደል የምትለቅም ተማሪ ግሡ ላይ ትወድቃለች። የብሉይ ኪዳኑ ዕብራይስጥ ግን በአማርኛ «ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት» እያለ ላደገ ሰው ይቀላል፤ እሱም ቃሉን በብዛት በሦስት ተነባቢ ላይ ነው የሚያቆመው። ይልቅ እንግሊዝኛውን አትናቂ፣ አብዛኛው ንባብ በሱ ነው። በየቀኑ አንድ ገጽ ማብራሪያ አንብበሽ በ5 ዓረፍተ ነገር አሳጥሪው።

የጽሑፍ ሥራ ላይ ሰባኪዎች ይቸገራሉ። ስብከት ያሳምናል፤ የክፍል ጽሑፍ ግን የተቃራኒውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ በትክክል አስቀምጦ ነው የሚከራከረው። ያነበብሽውን ገጽ ቁጥር ወዲያው መዝግቢ፤ በማስረከቢያው ዋዜማ መጽሐፍ ማገላበጥ ያልተጠቀሰ ምንጭ ያስቀራል፣ ያም እንደ ስርቆት ይቆጠራል።

እየተማርሽ አንድ አገልግሎት ብቻ ያዢ፤ በሳምንት ከአንድ ምሽት የማይበልጥ። ሌላ ሲጠይቁሽ ደብዳቤውን አሳዪያቸው።