ዶሜይን ሲገዙና ሆስቲንግ ሲከራዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ ያለ ፔንሲዮን፣ እንግዳ ይዞ በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ አስጎብኚ፣ አዘዞ ያለ ፈርኒቸር ቤት፤ ዌብሳይት ለመክፈት ሲነሱ ሁሉም የሚጨነቁት ስለ መልኩ ነው። ቀለሙ ምን ይሁን፣ ሎጎው የት ይቀመጥ፣ የፋሲል ግንብ ፎቶ ከላይ ይግባ ወይስ ከታች። መልክ ቢበላሽ በጥቂት ቀን ይስተካከላል። አስቸጋሪው ዶሜይኑ በማን ስም፣ በማን ኢሜይልና በማን ካርድ እንደተያዘ ሳይታሰብበት የቀረ ጊዜ ነው። ስለዚህ ስህተቶቹን በሥራው ቅደም ተከተል ሳይሆን በሚያስከትሉት ኪሳራ ደርድረናቸዋል፤ ከባዱ ከላይ ነው።

በቅድሚያ ቃላቱን እንለያቸው። ዶሜይን ሰው ብሮውዘር ላይ የሚጽፈው ስም ነው፤ ሬጅስትራር ከሚባል ድርጅት በዓመት ክፍያ ይያዛል እንጂ አንዴ ተገዝቶ የሚቀር አይደለም። ሆስቲንግ ፋይሎችዎና ዳታቤዝዎ የሚቀመጡበት የኪራይ ሰርቨር ነው። ስሙን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ደግሞ ዲኤንኤስ ይባላል።

ዶሜይኑን በሠሪው ስም ማስያዝ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ከሁሉም የተለመደውም ይኸው ነው። ዌብሳይቱን የሚሠራው ልጅ ሥራውን ቶሎ ለመጨረስ ሲል የራሱን ጂሜይል አስገብቶ በራሱ አካውንት ዶሜይኑን ይይዘዋል። ክፋት አስቦ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አዲስ አበባ ሥራ ያገኛል፣ ስልኩን ይቀይራል፣ የእድሳት ማሳሰቢያዎቹም ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማሉ። መዝገቡ ላይ ባለቤት ተብሎ የተጻፈው እሱ ስለሆነ፣ እርስዎ ደረሰኝና ንግድ ፈቃድ ይዘው ቢቀርቡ እንኳ ሬጅስትራሩ ስሙን በቀላሉ አያስረክብዎትም።

ለድርጅቱ ብቻ የሚሆን አዲስ ጂሜይል ይክፈቱ፤ የሬጅስትራሩንም አካውንት በዚያ ኢሜይል ራስዎ ይክፈቱ። የባለቤት ስም በሚጠየቅበት ቦታ የራስዎን ወይም የድርጅትዎን ስም፣ በስልክ ቦታ በ251 የሚጀምረውን ቁጥርዎን ያስገቡ። ባለሙያው ገብቶ መሥራት ካስፈለገው ብዙዎቹ ሬጅስትራሮች ለሌላ ሰው የተወሰነ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ አላቸው። ያ ከሌለም አጠገብዎ ተቀምጦ ይሥራና ሲጨርስ ፓስወርዱን ይቀይሩ።

አካውንቱን የሚከፍቱበት ኢሜይል በራሱ በዶሜይኑ ላይ የተሠራ አይሁን። ዶሜይኑ ጊዜው ሲያልፍ ኢሜይሉም አብሮ ይቆማል፤ የረሱትን ፓስወርድ ለማደስ የሚላክልዎት መልእክት ደግሞ የሚመጣው ወደዚያው ወደ ቆመው ሳጥን ነው። ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ውስጥ እንደ መርሳት ነው።

ከተመዘገቡ በኋላ ኢሜይልዎን እንዲያረጋግጡ አንድ መልእክት ይደርስዎታል። የዓለምን የዶሜይን ስሞች በሚያስተባብረው ድርጅት፣ በአይካን፣ ደንብ መሠረት በ15 ቀን ውስጥ ሊንኩን ካልነኩ ዶሜይኑ ሊታገድ ይችላል። ገጹ ደህና ሲሠራ ሰንብቶ በሦስተኛው ሳምንት ድንገት ከጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ የስፓም ሳጥኑን ይመልከቱ።

ሁለተኛ ማረጋገጫ (ከፓስወርድ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ሲያበሩ ኮዱን በኤስኤምኤስ ከመቀበል በስልክ ላይ ያለ የማረጋገጫ አፕ ይሻላል፤ ከውጭ አገር የሚላክ ኤስኤምኤስ ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላል። ሲያበሩት የሚሰጥዎትን የመጠባበቂያ ኮድ በወረቀት ጽፈው ከንግድ ፈቃዱ ጋር ያስቀምጡት።

ዶሜይኑ አስቀድሞ በሌላ ሰው አካውንት ከተያዘስ? ያ ሰው እስካለና እስከተስማማ ድረስ ቀላሉ መንገድ በዚያው ሬጅስትራር ውስጥ ከእሱ አካውንት ወደ እርስዎ አካውንት ማዛወር ነው። ወደ ሌላ ሬጅስትራር ለመውሰድ ግን ዶሜይኑ እንዳይዛወር የሚያግደው ቁልፍ መነሣትና የማዛወሪያ ኮድ መሰጠት አለበት፤ ዶሜይኑ አዲስ ከተመዘገበ ወይም በቅርቡ ከተዛወረ ደግሞ 60 ቀን መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ዛሬ ስልኩን የሚያነሣ ሰው ነገ ላያነሣ ይችላልና አይዘግዩ።

የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ብቻ ማየት

ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ነው። ሊያዩት የሚገባው ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የእድሳት ዋጋ ነው፤ በተለይ ሆስቲንግ ላይ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ክፍያው በዶላር ከሆነ ሌላ ነገር ይጨመራል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ በሚወሰን ምንዛሪ ስለሚሸጥ፣ የዶላሩ ዋጋ ሳይነካ በብር የሚከፍሉት ሊያድግ ይችላል። በጀት ሲይዙ በብር ያለፈው ዓመት ደረሰኝ ላይ አይመሥርቱ።

ብዙ ሰው በዶላር የመክፈሉን ችግር የሚያልፈው ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ነው። አሜሪካ ያለ ወንድም ቢከፍል ምንም አይደለም፤ አካውንቱን እንዲከፍት ግን አያድርጉት። እርስዎ አካውንቱን ከፍተው እስከ ክፍያው ገጽ ድረስ ይሂዱ፣ እሱ ካርዱን ብቻ ያስገባ። አውቶማቲክ እድሳት ቢበራም የእሱ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ ክፍያው እንደሚወድቅ ያስቡ፤ ለእርስዎ የሚነግርዎት ያው ኢሜይሉ ብቻ ነው። ከተቻለ የዶሜይኑን ብቻ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት በአንዴ ይክፈሉ። ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ድረስ አስቀድሞ ሊከፈልበት ይችላል። ሆስቲንግን ግን አገልግሎቱን ሳያዩ ለሦስት ዓመት መክፈል ሞኝነት ነው።

የዶት ኮም ዶሜይን ጊዜው ሲያልፍ እንዲህ ይሆናል። ገጹና ኢሜይሉ ይቆማሉ። እንደ ሬጅስትራሩ አሠራር እስከ 45 ቀን ድረስ በመደበኛ ዋጋ ማደስ ይቻል ይሆናል። ከዚያ 30 ቀን የመዋጃ ጊዜ አለ፤ በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ቅጣት የዓመት ክፍያውን ብዙ እጥፍ ነው። ቀጥሎ 5 ቀን ይቆይና ስሙ ተሰርዞ ለፈለገ ሁሉ ይለቀቃል። አንዳንድ ሬጅስትራሮች ደግሞ ይህ ሁሉ ሳይደርስ ለጨረታ ያወጡታል። በ45 ቀኑ የሚተማመን ሰው ስሙን ያጣል።

ቀኑንም በደንብ ያንብቡ። የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ አሜሪካዊ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ወሩን ከቀኑ ያስቀድማል። 03/04 የሚለውን ኤፕሪል 3 ነው ብሎ የተዘናጋ ሰው ዶሜይኑ ማርች 4 ላይ፣ መጋቢት ሳይገባ ያልፍበታል። ወደ ራስዎ አቆጣጠር ለውጠው ከአንድ ወር በፊት ስልክዎ ላይ ማሳሰቢያ ይሙሉ።

ስሙን በጆሮ መምረጥ

የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንድ ወጥ አይደሉም። ጎንደር ራሱ መጨረሻው ላይ አንዱ በኤ ሌላው በኢ ይጻፋል፤ ጥምቀትም እንደዚሁ ነው፤ ፋሲልን በአንድ ኤስ የሚጽፍም በሁለት የሚጽፍም አለ። ስሙን ከመክፈልዎ በፊት ለሦስት አራት ሰዎች በቃል ነግረው በላቲን እንዲጽፉልዎ ያድርጉ። የተለያየ ከጻፉ፣ ወይ ሌላ ስም ይፈልጉ፣ ወይ ዋነኞቹን ሁለት አጻጻፎች ይዘው አንዱን ወደ ሌላው ያዙሩ። ሰረዝና ቁጥር ያለበትን ስም ይተዉት፤ በስልክ ለእንግዳ ለመንገር አይመችም።

ደንበኛዎ ከውጭ የሚመጣ ቱሪስት ከሆነ ዶት ኮም ይበቃል። በአገሪቱ ስም የሚያልቀውን ዶት ኢቲ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ የሚፈለገውን ሰነድ አገልግሎት ማዕከሉ ጠይቀው ይሂዱ።

ነጻ ዶሜይን የሚል ጥቅል

ሆስቲንግ ሲከራዩ ዶሜይኑ በነጻ ይሰጣል ይባላል። ነጻ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ነው፤ ሆስቲንጉን ትተው ገንዘብዎን ቢያስመልሱ ከሚመለሰው ላይ የዶሜይኑን ዋጋ ሊቀንሱብዎት ይችላሉ። የእኛ ምክር ዶሜይኑን ለብቻው፣ ሆስቲንጉን ከሌላ ቦታ መያዝ ነው። ሰርቨሩ ቢያናድድዎት ዲኤንኤሱን ቀይረው በአንድ ቀን መሄድ ይችላሉ።

አያልቅም በሚባል ሆስቲንግ መታለል

ገደብ የለውም የሚለው ቦታውን እንጂ ሌላውን አይደለም። የፋይል ብዛት፣ ራም፣ በአንድ ጊዜ የሚስተናገድ ጥያቄ ሁሉም ገደብ አላቸው፤ የውል ገጹ ላይ ይገኛሉ። አሥር ገጽና አርባ ፎቶ ላለው ፔንሲዮን 2 ጊጋባይት ቦታ ያለው የጋራ ሆስቲንግ (አንዱን ሰርቨር ብዙ ደንበኞች የሚካፈሉት) ከበቂ በላይ ነው። ይልቅ የሚጠየቀው፦ ነጻ የኤስኤስኤል ሰርተፍኬት (በገጹና በጎብኚው መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያመሰጥረው) አለ ወይ፣ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) በየቀኑ ይወሰዳል ወይ፣ ሰርቨሩ የት ነው። እንግዶችዎ ከአውሮፓ የሚመጡ ከሆነ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ይምረጡ፤ የእኛም ኢንተርኔት በዋናነት በጅቡቲ በኩል ወጥቶ በባሕር ገመድ ስለሚሄድ ከአሜሪካው ይልቅ ለጎንደርም ይቀርባል።

ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ ሰርቨር ልሥራ የሚሉ ተማሪዎች አይጠፉም። ለመማር ጥሩ ነው። ለደንበኛ ግን አይሆንም፤ መብራት ይጠፋል፣ የቤት ኢንተርኔት አይፒም (የቁጥር አድራሻው) ይቀያየራል።

ኔምሰርቨር ቀይሮ ኢሜይልን መግደል

ገጹን ወደ አዲስ ሰርቨር ለመውሰድ ሁለት መንገድ አለ፤ ጀማሪ ሁልጊዜ የሚመርጠው የሚጎዳውን ነው። ኔምሰርቨሩን፣ ማለትም የዲኤንኤስ መዝገቡ የተቀመጠበትን ሰርቨር፣ ሲቀይሩ መዝገቡን በሙሉ ነው የሚቀይሩት፤ አሮጌው ላይ የነበረው የኢሜይል መስመር፣ ማለትም ኤምኤክስ የሚባለው፣ አብሮ ይቀራል። ገጹ ያምራል፣ ኢሜይል ግን መምጣት ያቆማል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው እንግዳ ቦታ አስይዤ ነበር እያለ በር ላይ ሲቆም ነው። ገጹን ብቻ ማዛወር ከፈለጉ ኔምሰርቨሩን ሳይነኩ ኤ የሚባለውን መስመር ወደ አዲሱ ሰርቨር አይፒ ይቀይሩ። ኔምሰርቨር መቀየሩ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ያሉትን መስመሮች በሙሉ ፎቶ አንሥተው አዲሱ ላይ አንድ በአንድ ይገልብጡ፤ ከዚያ ይቀይሩ።

ከአንድ ቀን በፊት ቲቲኤል የሚለውን ቁጥር (አሮጌው መስመር በሌሎች ዘንድ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነውን) ወደ 300 ይቀንሱ፤ ሰከንድ ነው፣ 5 ደቂቃ ማለት ነው። ያኔ ኤ መስመሩን ሲቀይሩ ለውጡ ቶሎ ይዳረሳል። የኔምሰርቨር ለውጥ ግን 24 ሰዓት፣ አንዳንዴም 48 ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሃል አልሠራም ብሎ ደጋግሞ መቀያየር ነገሩን ያወሳስባል። ለውጡ መድረሱን በዋይፋይና በሞባይል ዳታ እያፈራረቁ ይሞክሩ፤ አንዱ ከሌላው ሊቀድም ይችላል።

የሚልኩት ኢሜይል ስፓም ውስጥ ከገባ ኤስፒኤፍ የሚባለውን፣ በዶሜይንዎ ስም ኢሜይል መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝረውን መስመር ይዩ። ለአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሁለት አገልግሎት ስለሚጠቀሙ ሁለት መስመር ካስገቡ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ፤ በአንድ መስመር ውስጥ ያዋህዷቸው።

ፋይል ሲጫን የሚፈጠሩ ጥቃቅን ነገሮች

ሆስቲንጉን በሚያስተዳድሩበት ገጽ፣ በሲፓነል፣ ላይ ፋይሎች የሚገቡት ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ወደሚለው ፎልደር ነው። ብዙ ጀማሪ ፎልደሩን እንዳለ ይጭነውና ዋናው ገጽ በፎልደር ውስጥ ፎልደር ሆኖ ይደበቃል። የመነሻው ፋይል ስም ኢንዴክስ ይሁን፣ በትንንሽ የላቲን ፊደል። አብዛኞቹ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለያል፤ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ይታይ የነበረ ፎቶ ሰርቨር ላይ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። መብራት መሃል ላይ ሊሄድ ስለሚችል አምስት መቶ ፋይል አንድ በአንድ ከመላክ በዚፕ ጠቅልለው ልከው እዚያው ይፍቱት። ማን ማንበብና መለወጥ እንደሚችል የሚወስነው የፈቃድ ቁጥር ለፋይል 644፣ ለፎልደር 755 ይበቃል፤ አልሠራ ሲል ሁሉንም 777 ማድረግ በር ከፍቶ መተኛት ነው።

አማርኛው ለምን አልነበብ አለ

ጽሑፉ ከዩኒኮድ (ለሁሉም መሣሪያ የጋራ ከሆነው የፊደላት መለያ) ውጪ በሆኑ በድሮዎቹ ፎንቶች ተጽፎ ከነበረ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ትርጉም የሌለው ላቲን ይሆናል፤ በዩኒኮድ መጻፍ ብቻ ነው መድኃኒቱ። ጽሑፉ ዩኒኮድ ሆኖ በጥያቄ ምልክት ከተተካ ደግሞ ጥፋቱ ዳታቤዙ ላይ ነው፤ ሲፈጠር ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 የሚለው ይመረጥ። በጥያቄ ምልክት ተተክቶ የተቀመጠ ጽሑፍ አይመለስም፤ እንደገና ይጻፋል።

ዎርድፕረስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ላይ የአማርኛ ርእስ ሲጽፉ የገጹን አድራሻም በአማርኛ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ፊደል በአድራሻው ውስጥ 9 ምልክት ስለሚሆንና ዎርድፕረስ 200 ላይ ስለሚቆርጠው፣ ከ22ኛው ፊደል በኋላ ያለው ይጠፋል። ሊንኩም ቴሌግራም ላይ ሲላክ በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ገመድ ይሆናል። አድራሻውን በአጭር የላቲን ቃል ራስዎ ይጻፉት።

ሰርተፍኬት፣ ፎቶና ባክአፕ

ነጻው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው 90 ቀን ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ ያድሰዋል። ሳይታደስ ከቀረ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከዲኤንኤሱ መስመሮች አንዱ አሁንም አሮጌውን ሰርቨር ማመልከቱ ነው። ደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ ያለውና የሌለው ሁለቱም አድራሻ በሰርተፍኬቱ ውስጥ መኖራቸውን ያረጋግጡ።

ከስልክ የተነሣ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 ሜጋባይት በላይ ነው። ወርዱን 1600 ፒክስል አድርገው ዌብፒ በሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ሲያስቀምጡት ከ300 ኪሎባይት በታች ሊወርድ ይችላል። አርባ ፎቶ ያለው ገጽ በሞባይል ዳታ ለሚከፍት ሰው ይህ ልዩነት ገጹን አይቶ በመደወልና ሳይከፈት ትቶ በመሄድ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ለጥምቀት ሰሞን አዲስ ገጽ የሚከፍት ሰው ሥራውን ከገና በፊት ይጨርስ። ጥር 11 ሲቃረብ ቦታ የሚፈልገው ሰው ይበዛል፤ በዚያ ሳምንት ቴም (የገጹን መልክ) መቀየርና ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ማደስ አያስፈልግም። ከዚያ በፊት ግን ባክአፕ ወስደው ወደ ራስዎ ፍላሽ ያውርዱት፤ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ያለ ባክአፕ ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮት ይጠፋል። ፋይሎቹና ዳታቤዙ ሁለቱም መውረዳቸውን ይዩ፤ ፋይሉን ብቻ ወስዶ ዳታቤዙን መርሳት የተለመደ ነው። ወርዶ የተቀመጠውንም አንድ ጊዜ በሌላ ሰብ ዶሜይን (በዶሜይንዎ ሥር በሚከፈት አድራሻ) ላይ ጭነው ይክፈቱት። የማይከፈት ከሆነ ያን ቀን ቢያውቁት ይሻላል።