በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ፀረ-አይሁድ ጥላቻ ሲያጋጥም፦ መረጃ አያያዝና የአቤቱታ አቀራረብ

አንድ አይሁዳዊ ተማሪ በማንነቱ ምክንያት በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በደል ሲደርስበት፣ አቤቱታው ፍሬ የሚያጣው ብዙውን ጊዜ በደሉ ቀላል ስለሆነ ሳይሆን በዕለቱ በአግባቡ ስላልተመዘገበ ነው። ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ለሚማሩ አማርኛ አንባቢዎች የተዘጋጀ ነው። ከእነርሱ መካከል ከእስራኤል መጥተው የሚማሩ የቤተ እስራኤል ልጆች በደሉ በቀጥታ ሊደርስባቸው ይችላል፤ ሌሎቹ ደግሞ የክፍል ተጋሪ፣ የዶርም ተጠሪ ወይም የተማሪዎች ማኅበር መሪ ሆነው በሌላው ላይ ሲደርስ በቅርብ ሊያዩ ይችላሉ። ለሁሉም የሚያስፈልገው ያው ነው፦ የሆነውን ነገር በትክክል ለይቶ ማየት፣ ሳይውል ሳያድር መጻፍ፣ የጻፉትንም ለሚመለከተው ክፍል በጊዜው ማድረስ።

አስቀድሞ የዘወትሩን ኑሮ ማወቅ

ሰንበትን የሚጠብቅ አይሁዳዊ ተማሪ ከዓርብ ፀሐይ ግባት ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ከዋክብት እስኪታዩ ድረስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር አይነካም። የዶርሙ በር የሚከፈተው በካርድ ብቻ ከሆነ ዓርብ ማታ ከጸሎት ሲመለስ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪከፍትለት ውጭ ይቆማል። ይህ ጥላቻ ሳይሆን የአሠራር ጉድለት ነው፤ ለማደሪያ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ቀርቦ ተራ ቁልፍ ወይም ሌላ መፍትሔ መጠየቅ ይቻላል። ጉዳዩ መልኩን የሚቀይረው ጥያቄው በፌዝ ሲመለስ ወይም ለሌሎች የሚደረገው ማመቻቸት ለአይሁዱ ብቻ ሲከለከል ነው።

በዓላትን በተመለከተ ደጋግሞ የሚፈጠረው ችግር የዋዜማው ነው። የአይሁድ በዓል የሚገባው በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ ሲሆን፣ ብዙ የቀን መቁጠሪያዎች ግን ማግስቱን ብቻ ስለሚያሳዩ ፈተና በዋዜማው ማታ ይመደባል። ስለዚህ የኮርሱን መርሐ ግብር በተቀበሉበት ሳምንት ሮሽ ሃሻና፣ ዮም ኪፑር፣ ሱኮትና ፔሳሕ የሚውሉባቸውን ቀናት ከነዋዜማቸው ለመምህሩ በኢሜይል ይላኩ፤ የትኛው ፈተና ወይም የቤት ሥራ እንደሚነካ ለይተው ይጥቀሱ፤ በምትኩ መቼ ሊሠሩት እንደሚችሉም ያቅርቡ። ለስቅለት ፈቃድ ጠይቆ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ኦርቶዶክስ ተማሪ ይህን አካሄድ ያውቀዋል፤ የሚሞላውም ቅጽ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የቤተ እስራኤል ተማሪ ስግድን ለማክበር ሲጠይቅ ግን ትንሽ ማብራሪያ ቢጨምር ይጠቅመዋል። ስግድ ከዮም ኪፑር በ50ኛው ቀን የሚውልና በእስራኤል በ2008 በሕግ የታወቀ በዓል ቢሆንም፣ ዩኒቨርሲቲዎች በሚያወጡት የበዓላት ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በ1923 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው የአይሁድ ተማሪዎች ድርጅት ሂሌልና በብዙ ግቢዎች አጠገብ የሚገኙት የሐባድ (የአይሁድ ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ) ቤቶች ዓርብ ማታ ማዕድ ዘርግተው ተማሪዎችን ይቀበላሉ። በየግቢው ያሉት ሠራተኞቻቸው የትኛው ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚሠራ ስለሚያውቁ፣ ችግር ከመድረሱ በፊት መተዋወቁ ብልህነት ነው።

ጥላቻውን ከፖለቲካ ክርክር መለየት

ይህ ክፍል ጥንቃቄ ይሻል፤ ምክንያቱም የተምታታ አቤቱታ እውነተኛውን በደል ይጎዳል። የእስራኤልን መንግሥት መንቀፍ፣ የጋዛውን ጦርነት መቃወም፣ ለፍልስጤማውያን መብት ሰልፍ መውጣት በራሱ ፀረ-አይሁድ ጥላቻ አይደለም። ብዙ ተቋማት የሚጠቅሱት የ2016ቱ የዓለም አቀፉ የሆሎኮስት (ናዚዎች በአይሁድ ላይ የፈጸሙት ዕልቂት) መታሰቢያ ጥምረት ትርጓሜ እንኳ፣ በማንኛውም ሌላ አገር ላይ የሚሰነዘረውን የመሰለ ነቀፌታ ፀረ-አይሁድ ሊባል እንደማይችል በግልጽ ያስቀምጣል። በ2021 በምሁራን የወጣው የኢየሩሳሌም መግለጫም ይህን ልዩነት በዝርዝር ለማስረዳት ይሞክራል።

ጥላቻው የሚታየው ሰውየው ያደረገው ወይም የተናገረው ሳይኖር፣ አይሁድ በመሆኑ ብቻ ሲጠየቅበት ነው። የሕይወት ሳይንስ የጥናት ቡድን ወይም የመዝሙር ክበብ ለመግባት ከሌላው ያልተጠየቀውን የፖለቲካ አቋም እርሱ ብቻ እንዲናገር ሲገደድ፣ በአንገቱ የዳዊት ኮከብ ስላደረገ ሲሰደብ፣ በበሩ ላይ ስዋስቲካ (የናዚዎች ምልክት) ሲሣል፣ የሆሎኮስት ዕልቂት ሲካድበት፣ አይሁድ ገንዘብን ወይም መገናኛ ብዙኃንን በምስጢር ይቆጣጠራሉ የሚለው አሮጌ ክስ ሲወረወርበት ነገሩ ክርክር መሆኑ ያበቃል። የቤተ እስራኤል ተማሪ ደግሞ ከአንዱ ወገን አይሁድነቱ ሲጠላ፣ ከሌላው ወገን «አንተማ አይሁድ አትመስልም» ሲባል ሁለቱ በአንድ ላይ ሊደርሱበት ይችላሉ፤ ሁለቱም መመዝገብ ይገባቸዋል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመናገር ነጻነትን በሚጠብቀው በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ስለሚገዛ፣ አስከፊ ንግግር ሁሉ አያስቀጣም። ተናጋሪውን መቅጣት አለመቻሉ ግን ዩኒቨርሲቲውን ከኃላፊነት ነጻ አያወጣውም፤ ድርጊቱን ማውገዝ፣ ተበዳዩን መደገፍና ሁኔታው እንዳይባባስ እርምጃ መውሰድ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መዙዛ በአይሁድ ቤት የበር መቃን ላይ በቀኝ በኩል የሚሰቀል ትንሽ ማኅደር ሲሆን፣ በውስጡ ከኦሪት ዘዳግም የተወሰዱ ቃላት በብራና ተጽፈው ይገኛሉ። ጠዋት ሲነሡ መዙዛው ተገንጥሎ ቢያገኙት ምንም ነገር ሳይነኩ ፎቶ ያንሡ፦ በመጀመሪያ የክፍሉ ቁጥር የሚታይበትን ሰፊ ምስል፣ ቀጥሎ በመቃኑ ላይ የቀሩትን የሚስማር ቀዳዳዎች ወይም የማጣበቂያ ምልክት በቅርበት፣ ከዚያም ወለል ላይ የወደቀውን ስብርባሪ። ብራናው ቅዱስ ስለሆነ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ፖሊስ ካየው በኋላ በንጹሕ ፖስታ ያኑሩት። ስዋስቲካ ሲሆን ደግሞ የጽዳት ሠራተኞች ቶሎ ስለሚያጠፉት ፎቶው ይቅደም። በስልክ የመጣ ዛቻ ከሆነ የላኪው ስም፣ ቀኑና ከበፊቱም ከኋላውም ያለው ንግግር አብሮ እንዲታይ አድርገው ስክሪኑን ያስቀሩ፤ ብቻውን የተቆረጠ ዐረፍተ ነገር ለጥርጣሬ በር ይከፍታል።

ቀጥሎ ይጻፉ። «ጎረቤቴ በዘሬ ሰደበኝ» የሚል ጽሑፍ ለመርማሪ አይበቃም። የሚበቃው እንዲህ ያለ ነው፦ «ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ፣ 9:20 ፒ.ኤም.፣ በ3ኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ ከ312 ክፍል ፊት ለፊት። ሁለት ተማሪዎች ቆመው ነበር፤ አንደኛውን አውቀዋለሁ። ኪፓዬን (የራስ ቆቤን) እያመለከተ እነዚህን ቃላት ተናገረ።» ከዚያም ቃላቱን፣ ቢያሳፍሩም ቢከብዱም፣ በተነገሩበት ቋንቋ እንዳሉ ይጻፉ፤ ወደ ጨዋ አነጋገር አይለውጧቸው። ስለ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ አማርኛ ተናጋሪዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገናል፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ብለው የመዘገቡት በአሜሪካ አቆጣጠር 9:20 ነውና፣ የደኅንነት ካሜራው ምስል ሲፈለግ ስድስት ሰዓት ልዩነት መጥቶ መረጃው ከንቱ እንዳይሆን በአገሩ ሰዓትና ቀን ይጻፉ።

ምስክር ከሆኑ የራስዎን ጽሑፍ ለብቻዎ ያዘጋጁ። ከተበዳዩ ጋር ተቀምጦ አንድ ዓይነት ቃል መጻፍ የሁለታችሁንም ተአማኒነት ይቀንሳል። ተበዳዩ አቤቱታ ማቅረብ ካልፈለገም ውሳኔው የእርሱ ነው፤ ከጎኑ ሆነው መረጃውን ያቆዩለት።

አቤቱታውን ማድረስ

አካላዊ አደጋ ካለ 911 ይቀድማል። ከዚያ በታች ያለውን ወንጀል ለግቢው ፖሊስ ያመልክቱ፤ በ1990 የወጣው የክሌሪ ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው የተፈጸሙ የጥላቻ ወንጀሎችን ቆጥረው በየዓመቱ እንዲያሳውቁ ያስገድዳልና፣ ያልተነገረ ወንጀል ከቆጠራው ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በድረ ገጽ የሚሞላው የአድልዎ ማሳወቂያ ቅጽ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፍ ለመስጠትና ቁጥር ለመያዝ የሚያገለግል እንጂ መደበኛ ምርመራ የሚያስጀምር አይደለም። ምርመራ ከፈለጉ አድልዎን የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ቀርበው «ይህ መደበኛ አቤቱታ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል ከተነጋገሩ በዚያው ቀን «ዛሬ የተነጋገርነው ይህ ነው» የሚል ኢሜይል ይላኩ። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ክፍል መቀየር፣ በዳዩ እንዳይቀርብዎ የሚከለክል ትእዛዝ፣ የፈተና ጊዜ ማራዘሚያ የመሳሰሉትን መጠየቅ ይቻላል። ስላመለከቱ ብቻ የሚደርስ በቀል ራሱን የቻለ ጥፋት ስለሆነ ይህንንም ይመዝግቡ።

ዩኒቨርሲቲው ቸል ካለ ለፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ ማመልከት ይቻላል። መሠረቱ የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ 6ኛ ክፍል ነው፤ የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበል ተቋም ውስጥ በዘር፣ በቀለምና በብሔራዊ ምንጭ መድልዎን ይከለክላል። ሃይማኖት በዚህ ክፍል አልተጠቀሰም፤ ቢሮው ግን ከ2004 ጀምሮ በጋራ የዘር ሐረግ ላይ የተመሠረተ በደል በሕጉ እንደሚሸፈን ሲያስታውቅ ቆይቷል። ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሃርቫርድ በ1920ዎቹ የአይሁድ ተማሪዎችን ቁጥር ለመቀነስ በተነሣበት ጊዜ አመልካቹን የጠየቀው የአባቱ ስም ተለውጦ እንደሆነና የእናቱ የቤተሰብ ስም ማን እንደሆነ ነበር እንጂ በምን እንደሚያምን ብቻ አልነበረም። ስለዚህ በማመልከቻዎ ላይ በደሉ ከአይሁዳዊ የዘር ሐረግዎ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ይግለጹ፤ እስራኤላዊ ወይም ጥቁር በመሆንዎም ከሆነ እነዚህን ጨምረው ይጥቀሱ። ይኸው ሕግ አረብ፣ ፍልስጤማዊና ሙስሊም ተማሪዎችን በዘር ሐረጋቸው ከሚደርስ በደል ይጠብቃል፤ የተማሪዎች ማኅበር መሪዎች ይህን ለሁሉም ቢያስረዱ መልካም ነው።

ማመልከቻው ክፍያም ጠበቃም አይጠይቅም፤ በሌላ ሰው ስም ማመልከትም ይቻላል። የጊዜ ገደቡ የመጨረሻው በደል ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ 180 ቀን ነው፤ የግቢው ምርመራ ስለቀጠለ ብቻ ቀኑ መቆጠሩን አያቆምም። ከቢሮው 12 የክልል ቅርንጫፎች 7ቱ በማርች 2025 እንዲዘጉ ስለተደረገ መልስ ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ማመልከቻው በመጀመሪያው ንባብ የሚገባ፣ በቀን ቅደም ተከተል የተደረደረና ከማስረጃው ጋር የተያያዘ ይሁን። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ከምረቃ በኋላ ሊዘጋ ስለሚችል የሁሉንም ነገር ቅጂ በግል አድራሻዎ ያስቀምጡ፤ የማመልከቻውን የመዝገብ ቁጥርም አብረው ይያዙ።