ለማያባራ የቆዳ ማሳከክ የመድኃኒት ሙከራ ጥናት እንዴት ይፈለጋል? እንዴትስ ይገባበታል?

ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ዝም ይላል። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ሰውነቴ ሲሞቅ ይነሣል። የክርኔ እጥፋት፣ የጉልበቴ ጀርባ፣ አንገቴ። ሲነጋ ጥፍሬ ሥር ደም፣ አንሶላው ላይ የቆዳ ፍርፋሪ አገኛለሁ። ችፌ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። የደብረ ማርቆስ የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ብርድ ደግሞ ያባብሰዋል። እንዲህ ሲያክክ የሚያድር ሰው «አዲስ መድኃኒት እየተሞከረ ነው» ሲባል ቢጓጓ አይፈረድበትም፤ እኔም ጓጉቼ ነው መንገዱን የተማርኩት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ፦ የመድኃኒት ሙከራ ጥናት ሕክምና ሳይሆን ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹ «ይሠራል ወይ? ጉዳቱስ ምን ያህል ነው?» ብለው የሚጠይቁት መልሱን ገና ስላላወቁ ነው። ይህን ይዞ የሚገባ ሰው አይታለልም።

የበሽታዎን ስም ይወቁ

ጥናት ተሳታፊ የሚመዘግበው በበሽታ ስም ነው። «ያሳክከኛል» ማለት አይበቃም። በእኛ ዘንድ እከኩም፣ ጭርቱም፣ ችፌውም «አለርጂ» እየተባለ በአንድ ቅባት ይታሻል። ቤተሰቡ ሁሉ ማታ ማታ የሚያክክ ከሆነ፣ ሽፍታውም በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ከወጣ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እከክ ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል ምን ያህል ተዛምቶ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እከክ የታወቀ መድኃኒት አለው፤ አንድ ቤት የሚኖሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታክመው፣ ልብስና አንሶላቸው በፈላ ውኃ ታጥቦ ይድናሉ። በአዊና በምዕራብ ጎጃም በፈጣን ወንዞች አካባቢ ለሚኖር ሰው ደግሞ በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ኦንኮሰርካ የተባለ የትል በሽታ መታሰብ አለበት። ቆዳ ላይ ምንም ሽፍታ ሳይታይ መላ ሰውነት የሚያሳክክ ከሆነ ጉበት፣ ኩላሊትና የእንቅርት ዕጢ ይመርመሩ።

ስለዚህ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ከጎጃም የሚላክ ታካሚ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን፣ አልፎም አዲስ አበባ ወደ አለርት ሆስፒታል ነው። ሐኪሙን አንድ ነገር ይለምኑት፦ የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ፣ ሳያሳጥር፣ በሚነበብ ጽሑፍ እንዲጽፍልዎ። የእኔ ካርድ ላይ ለዓመታት የተጻፈው «የቆዳ ችግር» የሚል ብቻ ነበር፤ በዚያ ስም የትም መፈለግ አይቻልም። «አቶፒክ ደርማታይተስ» የሚለውን የችፌዬን የእንግሊዝኛ ስም ያገኘሁት ዘግይቼ ነው።

የተቀቡትን ሁሉ ይጻፉ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ብዙ ሰው ከጥናት የሚመለሰውም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ጥናት ከመጀመሩ በፊት የተወሰኑ መድኃኒቶች ለጥቂት ሳምንታት እንዲቋረጡ ይጠይቃል፤ የአሮጌው መድኃኒት ውጤት ከአዲሱ ጋር እንዳይደባለቅ ነው። ችግሩ፣ ከሱቅ የገዛነው «ማለስለሻ» ውስጥ ምን እንዳለ አለማወቃችን ነው። ቆዳን በሳምንት የሚያጠራ ቅባት ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ አለበት፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳ ያሳሳል፣ ሲያቋርጡት ማሳከኩ ብሶ ይመለሳል። በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡት፤ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ቱቦዎቹን ሳይጥሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ቅቤ፣ እሬት፣ ፌጦ ቀብተው ከሆነም ይናገሩ። ጸበል ላይ ከሆኑም ይንገሩ፤ ማፈር የለም። ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ቆዳዎን ምን እንደነካው ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚታጠቡም ጭምር።

ከዚህ ጋር ለሁለት ሳምንት ያህል በየማታው ማሳከኩን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት፤ 0 ምንም የለም፣ 10 ሊታሰብ የሚችለው ክፉ። ጥናቶቹ ራሳቸው በዚሁ ዓይነት ነው የሚለኩት። የእኔ ደብተር ላይ «ማክሰኞ፣ ሌሊት 8 ሰዓት፣ 8፤ እስኪነጋ አልተኛሁም» የሚል መስመር አለ። ሐኪሜ ያቺን መስመር ሲያነብ ከዚያ በፊት ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

ፍለጋው

ከልብ የሚካሄድ ጥናት ተሳታፊ ከመቀበሉ በፊት በሕዝብ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ሦስት መዝገቦችን ይዩ፦ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሆኖ የሚሠራውን የመላ አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ፣ የአሜሪካውን ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ፣ እንዲሁም የብዙ አገሮችን መዝገብ አንድ ላይ የሚያሳየውን የዓለም ጤና ድርጅት መፈለጊያ። ሁሉም በነፃ ናቸው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ የሚያነብልዎት ተማሪ ወይም ጤና ባለሙያ አጠገብዎ ቢኖር ጥሩ ነው። በበሽታ ሳጥኑ ከሐኪም ያጻፉትን ስም፣ በአገር ሳጥኑ ኢትዮጵያን ያስገቡ። ጥናት ሲገኝ «ሪክሩቲንግ» የሚል ከሆነ ተሳታፊ እየመዘገበ ነው፤ «ኮምፕሊትድ» ካለ አልቋል። ቀኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ።

እውነቱን ለመናገር፣ ለአቶፒክ ደርማታይተስ የሚደረጉ የአዳዲስ መድኃኒት ጥናቶች በአብዛኛው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ናቸው። አንድ ቀን ፈልገው ባዶ ቢወጣ ተስፋ አይቁረጡ፤ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ይመለሱበት። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎችን የጤና ኮሌጆች፣ አዲስ አበባ ያለውን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትንም በአካል ወይም በስልክ ይጠይቁ።

ቀድመው ደግሞ መንገዱን ያስሉ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ። ጥናት በየሁለት ሳምንቱ ይምጡ ካለ ትራንስፖርቱን ማን ይከፍላል? ብዙ ጥናቶች የመጓጓዣ ወጪ ይመልሳሉ፤ በቃል ሳይሆን በወረቀት ላይ ይዩት።

ማንም ሰው «ጥናቱ ውስጥ ላስገባህ፣ መመዝገቢያ ክፈል» ካለ ጥለውት ይሂዱ። በኢትዮጵያ የመድኃኒት ሙከራ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ያስፈልገዋል። ሁለቱንም ደብዳቤ «አሳዩኝ» ማለት መብትዎ ነው።

ከመፈረምዎ በፊት

የስምምነት ቅጹ በሚረዱት ቋንቋ መቅረብ አለበት። ማንበብ ለማይችል ሰው ገለልተኛ ምስክር ባለበት ይነበብለታል፤ ከዚያ በጣት አሻራ ይፈርማል። ለልጅ ወላጅ ይፈርማል፣ ነፍስ ያወቀ ልጅ ግን ራሱም ይጠየቃል። ወረቀቱን ቤት ወስደው ከቤተሰብ ጋር ይምከሩበት። «አሁኑኑ ፈርም» የሚል ካለ ይጠርጥሩ።

የሚጠየቀው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱን ከሁሉ አስበልጣለሁ። የመጀመሪያው፦ ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያሳክመኛል? ሁለተኛው፦ መድኃኒቱ ባይደርሰኝስ? ተሳታፊዎች በዕጣ ይከፈላሉ፤ አንዱ ቡድን አዲሱን መድኃኒት ሲያገኝ ሌላው ባዶውን፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ፣ ወይም የተለመደውን ሕክምና ሊያገኝ ይችላል። ዱፒሉማብ የተባለው መርፌ በአሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ለአቶፒክ ደርማታይተስ ከመፈቀዱ በፊት በተደረጉት ሁለት ዋና ጥናቶች የተሳታፊው ሲሶ የተወጋው ባዶ መርፌ ነበር።

ከደጃችን ያለው ምሳሌ ለዚህ ይረዳል። በምሥራቅ ጎጃም የእግር እብጠት በሽታ ባለባቸው 696 ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንዱ ቡድን የእግር አጠባበቅ ትምህርት፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ወዲያው ተሰጠው፤ ሌላው 12 ወር ጠብቆ አገኘ። ወዲያው ያገኙት ላይ የእግሩ ትኩሳትና ሕመም ቀንሶ ታየ። የጠበቁትም ቀኑ ሲደርስ አልተረሱም። እርስዎም «ጥናቱ ሲያልቅ ባዶውን ያገኘነውስ?» ብለው ይጠይቁ።

ከገቡ በኋላ

በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳይሰጡ መውጣት ይችላሉ፤ የወትሮው ሕክምናዎ ሊከለከልበት አይገባም። ማስታወሻ ሲሞሉ ሰዓቱን «ማታ» ወይም «ጠዋት» ብለው ይለዩት፤ የእኛ 2 ሰዓት ማታ በፈረንጆቹ 8 ነው፣ በዚህ የተሳሳተ መዝገብ ጥናቱንም እርስዎንም ይጎዳል። እርግዝና ቢኖር ወይም ቢታሰብ ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሩ። ቆዳዎ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቅጹ ላይ ባለው ስልክ ይደውሉ።

የቅጹን አንድ ቅጂ ከሕክምና ካርድዎ ጋር ያስቀምጡ። ስልክ ቁጥር ቢቀይሩ ለጥናቱ ነርስ ያሳውቁ፤ ዕጣው ሲገለጥ የትኛው ቡድን ውስጥ እንደነበሩ የሚነግሩዎት በዚያ ቁጥር ነው።